ከጀርባ የሚሰማው ያ ድምፅ የማን ነው? ታዋቂ ዘፋኞች በሰው ዘፈን ላይ ተቀባይ ሲሆኑ

1984 ላይ ሮክዌል የሚባል አዲስ ዘፋኝ «ሳምባዲስ ዋቺንግ ሚ» የሚል ዘፈን አወጣና አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አስቀድሜ ልበል)። ዘፈኑን ዛሬም ቢሆን የማይክል ጃክሰን ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ሞልቷል፣ ሰው ላይ ደግሞ መፍረድ አይቻልም፣ ምክንያቱም አዝማቹ ላይ የሚሰማው ድምፅ እውነትም የማይክል ጃክሰን ነው፣ ወንድሙ ጀርሜይንም አብሮት አለ። ዘፈኑ ግን የሮክዌል ነው። በአርቲስትነት የተጻፈው የሱ ስም ብቻ ነው፣ ቻርቱም (የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ) ላይ እንደዛው። ማይክል ያኔ ከ«ትሪለር» አልበም በኋላ ዓለም ላይ ከሱ በላይ የሚታወቅ ዘፋኝ የለም በሚባልበት ሰዓት ነው፣ ታዲያ እንዴት የአንድ ጀማሪ ተቀባይ ሆኖ ገባ? ስሙስ የት ሄደ?

እንዲህ አይነት ነገር ኢንተርኔት ላይ «ይሄን ታውቁ ነበር?» እየተባለ ይዞራል፣ ሰውም «ውይ!» ይልና ያልፋል። ነገሩ ግን የራሱ አሰራር አለው፣ አሰራሩን ለመረዳት ደግሞ ሁለት ነገር ለይቶ መያዝ ይበቃል። ጆሯችን የሚሰማውን ድምፅ የሚወስኑት ስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው። የሚጻፈውን ስም የሚወስነው ኮንትራት ነው። እነዚህ ሁለቱ የማይስማሙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተቀባይ ስንል በትክክል ምን የሚሰራ ሰው ነው?

ባኪንግ ቮካል ወይም አጃቢ ድምፅ የምንለው ከመሪው ዘፋኝ ውጪ ያለውን የሰው ድምፅ በሙሉ ነው። አንዳንዴ መሪው ያለውን ተቀብሎ መመለስ ነው፣ አንዳንዴ ግጥም የሌለው «ኡኡ» እና «አአ» ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ያንኑ ዜማ ከመሪው ጋር እኩል ደግሞ መዝፈን ነው፣ በጣም የተለመደው ግን ሃርሞኒ ነው፣ ማለትም መሪው ከሚዘፍነው ኖታ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን አብሮ መሄድ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ዘፋኝና ተቀባዮች ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ላይ ቆመው የሚቀዱ ይመስለናል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ ትራክ ላይ ለብቻው መቀዳት ስለጀመረ መሪው ዛሬ ዘፍኖ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ከሳምንት በኋላ መጥቶ በኢርፎን እሱን እየሰማ ይጨምርበታል፣ ሁለቱ ጭራሽ ሳይተያዩ ዘፈኑ ሊያልቅ ይችላል። ባኪንግ ብለን የምንሰማው ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ የመሪው ነው፣ አንዱን መስመር አራት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ይቀዳዋል፣ ሲደራረብ የብዙ ሰው ድምፅ ይመስላል። ማይክል ጃክሰን ራሱ በዘፈኖቹ ላይ የሚያደርገው ይሄንኑ ነበር።

ታዲያ ራሱ መስራት ከቻለ ሌላ ሰው ለምን ይጠራል? የአንድ ሰው ድምፅ ምንም ያህል ቢደረብ ቀለሙ ያው አንድ ስለሆነ ነው። ከሌላ ሰው ጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ ሲጨመርበት ነው ወፈር የሚለው። ይሄን በጆሮ ለመስማት የኒል ያንግን «ሃርት ኦፍ ጎልድ» መጨረሻው አካባቢ ማዳመጥ ነው፣ የያንግ ድምፅ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነው፣ ሊንዳ ሮንስታትና ጄምስ ቴይለር ከጀርባ ሲገቡ ዘፈኑ በአንዴ ይሰፋል።

ሙያው ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም

በግሌ ይሄ ክፍል ነው ከሁሉም የሚገርመኝ። መሪ ዘፋኝ ዕድሜውን ሙሉ የሚለፋው በሁለት ሰከንድ እንዲለይ ነው፣ ጥሩ ተቀባይ ደግሞ የሚለፋው እንዳይለይ ነው። ስለዚህ ትልቅ ዘፋኝ ለባኪንግ ማይክ ፊት ሲቆም የለመደውን ነገር መተው አለበት። የድምፁን ማርገብገብ ይቀንሳል፣ አፉን የሚከፍተው ከመሪው ጋር እኩል ነው («አ» እና «ኦ» ትንሽ ከተለያዩ ድምፆቹ አይገጥሙም)፣ ትንፋሽ የሚስበውም መሪው በሚስብበት ቦታ ነው። ሌላው የቃል መጨረሻ ነው። አንድ ቃል በ«ስ» ወይም በ«ት» ካለቀ አምስት ሰው አምስት የተለያየ ቅጽበት ላይ «ስ» ሲል ዘፈኑ የሚፏጭ ይመስላል፣ ስለዚህ ተቀባዮቹ ያቺን ፊደል ይውጧትና ለመሪው ብቻ ይተዉለታል። ከዛ በኋላ ሚክስ የሚያደርገው ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርገዋል፣ ግራና ቀኝ ይበትነዋል፣ ትንሽ ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) ይጨምርበታል፣ መሃሉን ለመሪው ያስለቅቃል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም የማይደበቅ ድምፅ አለ። ማይክል ማክዶናልድ ዋናው ምሳሌ ነው። ስቲሊ ዳን 1977 ባወጡት «ፔግ» ላይ እየደራረበ የዘፈነውን ሃርሞኒ የሰማ ሰው ወዲያው ነው የሚለየው፣ 1980 ላይ በወጣው የክሪስቶፈር ክሮስ «ራይድ ላይክ ዘ ዊንድ» ላይ ደግሞ ጭራሽ ከመሪው እኩል ይታወሳል። ፕሮዲውሰሮች ይሄን የሚያደርጉት አውቀው ነው፣ አንዳንዴ የሚፈለገው መዋሃድ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰው «ይሄ ድምፅ እኮ...» ብሎ ጆሮውን እንዲያቆም ነው።

በችሎታቸው ብቻ የሚጠሩም አሉ። ቢች ቦይስ በሃርሞኒ ነው ስማቸው የተሰራው፣ ኤልተን ጆን 1974 «ዶንት ሌት ዘ ሰን ጎ ዳውን ኦን ሚ»ን ሲሰራ ከነሱ ካርል ዊልሰንንና ብሩስ ጆንስተንን አስጠርቶ ከጀርባ አዘፍኗቸዋል። ጆንስተን ከዓመታት በኋላ በፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዎል» ላይም አለ፣ ሁለቱ ባንዶች በሙዚቃቸው ምንም አይገናኙም እኮ።

ታዋቂ ሰው ምን አጥቶ ነው የሰው ተቀባይ የሚሆነው?

ብዙ ጊዜ መልሱ በጣም ተራ ነው፣ በቅርብ ስለነበረ። ሮክዌል የሞታውን ሙዚቃ ድርጅት መስራች የቤሪ ጎርዲ ልጅ ነው፣ ጃክሰኖቹ ደግሞ ልጅ ሆነው የታወቁት በዛው በሞታውን ነው፣ ስለዚህ የሚተዋወቁት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። ኒል ያንግ 1971 ናሽቪል ውስጥ የነበረው ለጆኒ ካሽ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው፣ ሮንስታትና ቴይለርም ለዛው ፕሮግራም መጥተው ነበር፣ ስቱዲዮ ኑ ተባሉ፣ መጡ፣ ዘፈኑ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ።

የካርሊ ሳይመን «ዩር ሶ ቬይን» ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለንደን ትራይደንት ስቱዲዮ ውስጥ ከሷ ጋር ባኪንጉን ሲሰራ የነበረው ሃሪ ኒልሰን ነበር፣ እሱም የታወቀ ዘፋኝ ነው። ሳይመን እንደምትናገረው በመሃል የሮሊንግ ስቶንሱ ዘፋኝ ሚክ ጃገር ስልክ ይደውላል፣ ና ትለዋለች፣ ይመጣል፣ ሶስቱ አብረው ይሞክራሉ፣ ኒልሰን ትንሽ ከሰማ በኋላ እናንተ ሁለታችሁ ስትዘፍኑ ይበልጥ ያምራል ብሎ ቦታውን ይለቃል። ዘፈኑ 1972 መጨረሻ ላይ ወጣ፣ በቀጣዩ ጥር አንደኛ ሆነ። የጃገር ስም አልተጻፈም፣ አዝማቹን ግን አንዴ ሰምቶ ያልለየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ዘፈኑ ስለ አንድ በራሱ ፍቅር ስላበደ ወንድ ነውና ሰው ደግሞ «ስለራሱ እየተዘፈነ ራሱ ተቀበለ» ብሎ አወራ፣ ሳይመን አይደለም ብላለች፣ 2015 ላይ ደግሞ ሁለተኛው ስንኝ ስለ ተዋናዩ ዋረን ቢቲ መሆኑን ተናገረች።

ውለታ መመለስም አለ። 1967 ላይ ቢትልስ «ኦል ዩ ኒድ ኢዝ ላቭ»ን በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ሲቀዱ ከሚቀበሉት ሰዎች መሃል ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ነበሩ፣ በዛው ዓመት ሮሊንግ ስቶንስ «ዊ ላቭ ዩ» ሲሉ ደግሞ ከጀርባ ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ አሉበት። ጋዜጣው ሁለቱን ባንዶች ባላንጣ አድርጎ ሲያወራ እነሱ እርስ በርስ ይቀባበሉ ነበር ማለት ነው።

የፕሮዲውሰሩ ስልክም ትልቅ ነገር ነው። ኩዊንሲ ጆንስ 1982 ለዶና ሰመር «ስቴት ኦፍ ኢንዲፔንደንስ» የሰበሰበውን ኳየር ተመልከቱ፦ ማይክል ጃክሰን፣ ስቲቪ ዎንደር፣ ላየነል ሪቺ፣ ዲዮን ዋርዊክ፣ ጄምስ ኢንግራም፣ ኬኒ ሎጊንስ፣ ሌሎችም። ሶስት ዓመት ቆይቶ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሲቀዳ ስማቸውን የጠራኋቸው ስድስቱም እንደገና ኩዊንሲ ፊት ቆመዋል።

ታዲያ ስማቸው ለምን አይጻፍም?

ትልልቅ ዘፋኞች ከአንድ ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ማለት ነው) ጋር የብቸኝነት ኮንትራት አላቸው። ኮንትራቱ የሚለው ባጭሩ አንተ የምትቀዳው ለኛ ነው ነው። እንደ ኳስ ተጫዋች አስቡት፣ ጓደኛው የሚጫወትበት ክለብ ሰው ቢያጥረው እንኳን ክለቡ ሳይፈቅድለት ማሊያ ቀይሮ መግባት አይችልም። ስለዚህ አንድ ዘፋኝ የሌላ ሌብል ዘፈን ላይ ሲገባ የራሱ ሌብል መፍቀድ አለበት፣ ሲፈቅድም ሁኔታ ያስቀምጣል፦ ስሙ በትልቁ አይጻፍ፣ ፖስተር ላይ አይውጣ፣ ክሊፕ ላይ አይታይ፣ ነጠላ ዜማ ሆኖ ሲለቀቅ በስሙ አይሸጥ። የድሮ አልበሞች ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል «እገሌ፣ በእገሌ ሬከርድስ ፈቃድ» የሚል መስመር የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ስም ከሌለበት ወይም ከተቀየረ ደግሞ ጣጣው ይቀላል፣ ሌነን 1974 ኤልተን ጆን በድጋሚ በሰራው «ሉሲ ኢን ዘ ስካይ ዊዝ ዳይመንድስ» ላይ የገባው ዶክተር ዊንስተን ኦቡጊ በሚል ስም ነው (ዊንስተን የራሱ የመሃል ስም ነበር፣ ያን ያህልም አልተደበቀም)።

ሌላው ምክንያት ገበያ ነው። ጀስቲን ቲምበርሌክ 2003 በብላክ አይድ ፒስ «ዌር ኢዝ ዘ ላቭ» ላይ አዝማቹን ይዘፍናል፣ አዝማች ነው እንግዲህ፣ ከጀርባ እንኳን አይባልም። ግን የመጀመሪያ የግል አልበሙ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም፣ ዘፈኖቹ በየሬዲዮው ናቸው፣ ሰው ይሰለቸዋል ተብሎ ተፈራና ስሙ ሳይጻፍ ቀረ፣ ክሊፑም ላይ የለም። ዘፈኑ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ተሰማ፣ ያለ ስሙ።

አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው የማይፈልገው። ቴይለር ስዊፍት የካልቪን ሃሪስን «ዚስ ኢዝ ዋት ዩ ኬም ፎር» 2016 ላይ አብራ የጻፈችው ኒልስ ሾበርግ በሚል የወንድ ስም ነው፣ ነገሩ ሲወጣ ሃሪስ ራሱ ትንሽ እንደዘፈነችበትም ተናግሯል፣ ፊት ለፊት የተጻፈው የሪሃና ስም ነው።

ፊቸሪንግ ከባኪንግ በምን ይለያል? ብዙ በመዝፈን ነው?

አይደለም። ፊቸሪንግ ማለት ስሙ ከዘፈኑ ርዕስ ጋር እንዲጻፍ የተስማሙበት እንግዳ ነው፣ ስንት ሰከንድ እንደሚሰማ የሚወስን ህግ የለም። የዚህ ጥሩ ማሳያ ቴይለር ስዊፍት 2022 ያወጣችው «ስኖ ኦን ዘ ቢች» ነው። ላና ዴል ሬይ ፊቸሪንግ ተብሎ ተጻፈ፣ ሰው ቸኩሎ ከፈተው፣ ላና የታለች? ከጀርባ ሃርሞኒ ላይ ብቻ ናት፣ በደንብ ካላዳመጡ አትሰማም። ማህበራዊ ሚዲያው ሞቀ፣ ቀልድ በቀልድ ሆነ። ላና በኋላ እንዳለችው አልበሙ ላይ ብቸኛዋ ፊቸሪንግ እሷ መሆኗን አላወቀችም፣ ብታውቅ ሁለተኛውን ስንኝ ሙሉውን ትዘፍነው ነበር። 2023 ላይ ድምፅዋ ጎላ ብሎ የሚሰማበት ሌላ ቅጂ ወጣ፣ ርዕሱ ላይም «ሞር ላና ዴል ሬይ» ተብሎ ተጨመረበት። እንግዲህ ቲምበርሌክ አዝማች ዘፍኖ ስሙ የለም፣ ላና ከጀርባ አንሾካሹካ ስሟ አለ።

ይሄ ለቻርት ቁጥርም ወሳኝ ነው። የአሜሪካን ቻርት የሚያወጣው ቢልቦርድ የሚቆጥረው የተጻፈውን ስም ነው፣ ስለዚህ «ዩር ሶ ቬይን» ጃገር አንደኛ ካወጣቸው ዘፈኖች ዝርዝር ውስጥ አይገባም፣ «ሳምባዲስ ዋቺንግ ሚ»ም ለማይክል አይቆጠርም።

ገንዘቡስ?

እዚህ ጋ ትንሽ ትዕግስት ይፈልጋል። አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንደኛው ድርሰቱ ነው፣ ግጥምና ዜማው፣ እሱ የደራሲው ነው። ሁለተኛው ቅጂው ነው፣ ያ በዛን ቀን የተቀዳው ድምፅ፣ እሱ በአብዛኛው የሌብሉ ነው፣ መሪው ዘፋኝ ከሽያጩ በኮንትራቱ መሰረት ድርሻ ያገኛል። ተቀባይ በሁለቱም ውስጥ የለም። በተለምዶ ለሰራበት ሰዓት አንዴ ይከፈለዋል፣ አለቀ። ዘፈኑ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ቢሰማም ያው ነው።

ክሌር ቶሪን ብዙ ሰው በስም ላያውቃት ይችላል፣ በፒንክ ፍሎይድ «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ላይ ያለ ግጥም የምትጮኸው እሷ ናት። ለዛ ስራ የተከፈላት 30 ፓውንድ ነው። ዘፈኑ ያለበት አልበም በታሪክ በብዛት ከተሸጡት አንዱ ሆነ። 2004 ላይ ከሰሰች፣ ክርክሯ ምን ነበር፣ የዘፈንኩት የተሰጠኝን ዜማ አይደለም፣ እዛው የፈጠርኩት ነው፣ ስለዚህ ደራሲም ነኝ። በቀጣዩ ዓመት ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማሙ፣ ከዛ ወዲህ ስሟ ከባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ከሪቻርድ ራይት ጋር በደራሲነት ይጻፋል።

የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የስቲንግ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ዳየር ስትሬትስ «መኒ ፎር ናቲንግ»ን ካሪቢያን ውስጥ ሞንትሰራት ደሴት ላይ ሲቀዱ ስቲንግ እዛው አካባቢ ነበር፣ ገብቶ ከጀርባ ያቺን ስለ ኤምቲቪ (የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው) የምትለዋን መስመር ዘፈነ። ዜማዋ ግን የራሱ ባንድ የ«ዘ ፖሊስ» ዘፈን ዜማ ነበረች («ዶንት ስታንድ ሶ ክሎስ ቱ ሚ»)። የድርሰቱን መብት የያዘው አሳታሚ ይሄን ሲሰማ ዝም አላለም፣ ስቲንግ ከዳየር ስትሬትሱ ማርክ ኖፍለር ጋር የዘፈኑ ደራሲ ተብሎ ተጻፈ፣ የድርሰት ገቢም ድርሻ አገኘ።

ለተራ ተቀባዮችም ቢሆን ሙሉ በሙሉ በሩ የተዘጋ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔትና በሳተላይት ሬዲዮ ከሚሰበሰበው ክፍያ 50 በመቶው ለቅጂው ባለቤት፣ 45 በመቶው ስሙ ለተጻፈው አርቲስት ይሄድና የቀረው 5 በመቶ ስማቸው ላልተጻፈ ይቀመጣል፣ ግማሹ ለመሳሪያ ተጫዋቾች ግማሹ ለተቀባዮች። ተራው ኤፍኤም ሬዲዮ ግን እዛ አገር ለዘፋኝም ለተቀባይም ለማንም አይከፍልም፣ የሚከፍለው ለደራሲ ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ይከፈላል፣ ተቀባዩም የራሱ ድርሻ አለው።

ስምና ድምፅ ጭራሽ ሲለያዩስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ መደበቅ ነው፣ አንዳንዴ ግን የአንዱ ድምፅ በሌላው ስም ይሸጣል። 1962 ላይ ዘ ክሪስታልስ የሚባሉት ሴቶች «ሂዝ ኤ ሬብል» በሚል ዘፈን አንደኛ ወጡ፣ ዘፈኑ ላይ ግን የሉበትም፣ የዘፈነችው ዳርሊን ላቭ ናት ከነጓደኞቿ፣ ፕሮዲውሰሩ ፊል ስፔክተር ነው እንዲህ ያደረገው። 1990 ላይ ደግሞ ማርታ ዋሽ ዳንስ ቤት ሁሉ ያስጨፈረውን የሲ ኤንድ ሲ ሚዩዚክ ፋክተሪ «ኤቭሪባዲ ዳንስ ናው» የሚለውን ጩኸት ዘፍና፣ ክሊፑ ላይ አፏን እያንቀሳቀሰች የታየችው ሌላ ሴት ናት። ዋሽ ከሰሰች፣ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ።

ሲዘፍኑ ታዋቂ ነበሩ ወይስ በኋላ ነው የታወቁት?

ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት የታዋቂ ተቀባዮች ዝርዝሮች ይሄን አይለዩም፣ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሉተር ቫንድሮስ በዴቪድ ቦዊ «ያንግ አሜሪካንስ» ላይ (1975) ሲቀበል ማንም አያውቀውም፣ የራሱ ስም የወጣው 1981 ነው። ማራያ ኬሪ የብሬንዳ ኬ ስታር ተቀባይ ነበረች፣ ሼሪል ክሮው ደግሞ ለማይክል ጃክሰን «ባድ» ጉዞ መድረክ ላይ። ለነሱ እንጀራ ነበር፣ ለጃገር ግን አንድ ምሽት ጓደኛ ጋ መሄድ ነው።

እውነት መሆኑን በምን ይታወቃል?

በጆሮ ብቻ አይሆንም፣ ጆሮ ይሸወዳል። የፒተር ጌብርኤል «ጌምስ ዊዝአውት ፍሮንቲርስ» ላይ ኬት ቡሽ ከጀርባ በፈረንሳይኛ የምትለውን ሐረግ ስንቱ ሰው በእንግሊዝኛ ሌላ ነገር ነው ብሎ ዓመታት ዘፍኖታል። አሁን ድምፅን ከሙዚቃው የሚለዩ ሶፍትዌሮች ስላሉ ሰው ባኪንጉን ለብቻው አውጥቶ «እገሌ ነው» ብሎ ይለጥፋል፣ እሱም ግምት ነው። መጀመሪያ የሚታየው የአልበሙ ክሬዲት ነው፣ የስትሪሚንግ አፖቹም ላይ «ክሬዲት» የሚለውን ሲነኩት የተወሰነ ዝርዝር ይወጣል፣ ግን አፑ የሚያውቀው ሌብሉ የላከለትን ብቻ ነው፣ 1972 ላይ ያልተጻፈ ስም እዛ ላይ በራሱ አይበቅልም። እንዲህ አይነቱ ላይ የሚሻለው ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩት ሰዎች፣ በተለይ ፕሮዲውሰሩና መሪው ዘፋኝ፣ በየጊዜው የተናገሩትን ማገጣጠም ነው። የተጻፈውም ቢሆን ፍጹም አይደለም፦ ሜሪ ክሌይተን እርጉዝ ሆና በሌሊት ተጠርታ ሄዳ በሮሊንግ ስቶንስ «ጊሚ ሼልተር» ላይ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ዘፍና፣ 1969 ላይ አልበሙ ሲወጣ ስሟን በተሳሳተ ፊደል ነው የጻፉት።